ሁለት ቁጥር የሰፋኝ የበረዶ ጫማ

ልጅ እያለሁ በልኬ የተገዛልኝ ጫማ አድርጌ አላውቅም። እናቴ ጫማ ስትገዛልኝ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና፣ ጣቷ ቦታ ካላገኘ «ሌላ አምጣ» ትለዋለች ሻጩን። የጃኬቴ እጅጌ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ቀሚሴ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይወርዳል። ባጉረመርም መልሷ አንድ ነው፤ «ታድጊበታለሽ»። በስደት፣ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር በኖርንበት ሕንፃ ውስጥ የነበርነው ሐበሻ ልጆች ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ትምህርት በተከፈተ ቀን ባስ ለመጠበቅ ስንሰለፍ የታላላቆቻችንን ልብስ ሰርቀን የወጣን እንመስል ነበር። ያን ጊዜ አፍር ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

አይስ ሆኪን፣ በረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከትምህርት ቤት ወደ በረዶ ሜዳ የወሰዱን ቀን ነው። እርጥብ የጎማ ምንጣፍና ላብ የሚሸተውን ያንን ቀዝቃዛ አዳራሽ ገና ስገባ ወደድኩት። ከሁሉም ልጆች የበለጠ የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ከሁሉም የበለጠ የሳቅሁትም እኔ ነኝ። የሴት ልጆች ቡድን በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ተጫዋች እንደሚመርጥ የሚናገር ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ። ከራስ ቁር እስከ ዱላ ሁሉንም እነሱ ያውሳሉ፤ ከቤት የሚመጣው ከሥሩ ስለት ያለው የበረዶ ጫማ ብቻ ነው።

እናቴ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ አባቴ ዞራ «ሴት ልጅ ዱላ ይዛ በረዶ ላይ? ጥርሷ ቢረግፍስ?» አለች። አባቴ «ተያት፣ ይውጣላት። ቤቱን ከምታፈርሰው ይሻላል» አላት። ሳምንቱን ሙሉ ስጨቀጭቃት ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ ወዳለ የስፖርት ዕቃ መደብር ወሰደችኝ። ሻጩ የበረዶ ጫማ እግር ላይ ጥብቅ ማለት እንዳለበት ለማስረዳት ብዙ ደከመ። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ «አይገባሽም? ለከርሞ ሌላ ሊሸጥልን እኮ ነው» አለችኝና ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን፣ የሚያብረቀርቀውን አዲስ ጫማ አስጠቀለለች። ሰውዬውን እንደበለጠችው እርግጠኛ ነበረች። እኔም አምኛት ነበር።

በምርጫው ቀን አብራኝ ለመሄድ ከሥራዋ አስፈቅዳ ቀረች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለነበር የቅዳሜ ፈቃድ በልመና ነው የሚገኘው። የአባቴን የሱፍ ካልሲ ደራርባ አጠለቀችልኝ፤ የጫማውን ጫፍ በጥጥ ወተፈችው። ወደ በረዶው ገባሁ። ቀጥ ብዬ ስሄድ የሚደርስብኝ አልነበረም። ልታጠፍ ስል ግን እግሬ ይዞራል፣ ጫማው ባለበት ይቀራል፣ እኔም ሄጄ ከግድግዳው ጋር እላተማለሁ። ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ መቁጠር አቆምኩ።

አሰልጣኟ፣ ቀጭን ረጅም ሴት፣ ወደ ዳር ጠራችኝና ጫማዬን አወለቀችው። ጥጡ ተከትሎ ወጣ። አልሳቀችም። «ፈጣን ነሽ። ግን በዚህ ጫማ እግርሽ ይሰበራል፤ ልመርጥሽ አልችልም» አለችኝ። ምርጫው ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። በሩ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ካርቶን ጠቆመችኝ፤ ውስጡ፣ የጠበባቸው ልጆች ትተውት የሄዱት አሮጌ ጫማ ነበር። ልኬን ካገኘሁ እመለሳለሁ፤ ካላገኘሁ የሚቀጥለው ዓመት ነው።

እናቴ ከመቀመጫዋ ወርዳ መጣች። «ምን አለችሽ?»

«ማሚ፣ ሹው ቱ ቢግ ነው አለች። እግሬን ፊት ማድረግ፣ ልኬ መሆን አለበት። ከቦክሱ ካላገኘን ኔክስት ይር ነው» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

«ልጅ እንዲያድግ የማይፈልግ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?» አለች ጮክ ብላ። ወላጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

እናቴን አውቃታለሁ። የማታውቀው ሰው ያደረገውን ጫማ፣ ያውም በዚያ ሁሉ እናት ፊት፣ ለልጇ ማድረግ ከልመና አይለይባትም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ግን እሷ እንድታፍር አልፈለግሁም። «ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ እንሂድ» አልኳት።

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። ካርቶኑን ጎትታ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ጠበበኝ፣ ሁለተኛው ሰፋኝ። ሦስተኛው የተፋፋቀ፣ የግራና የቀኙ ማሰሪያ የማይመሳሰል አሮጌ ነበር። በልማዷ ጫፉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ቦታ የለም። ቀና ብላ «አያምሽም?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። አዲሱን ጫማ ራሷ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው፤ «ለሚሆናት ይሁን» ብላ። ከዚያ ጀርባዬን መታ አድርጋ «ሂጂ፣ አሳያቸው» አለችኝ።

አሳየኋቸው። እዚህ ላይ ትሕትና አያስፈልገኝም። እንደ ኳስ በዱላ የምትመታዋን ጥቁር ክብ ጎማ ተቀብዬ በቀኝ በኩል ግድግዳውን ታክኬ ወጣሁ፤ ሁለት ልጆች አልፌ ወደ ግቡ ስታጠፍ ጫማው ከእግሬ ጋር አብሮ ዞረ። አገባሁ። አሰልጣኟ «ቦታሽ ቀኝ መስመር ነው» አለችኝ። ጫማዬን እስክሰቅል ድረስ፣ በፕሮፌሽናልነት የተጫወትኩባቸውን ዘጠኝ ዓመታት ጨምሮ፣ ያንን መስመር ማንም አልወሰደብኝም። በመካከሉ ሁለት ጥርሴ ወልቋል። እናቴ ያን ጊዜ ስልክ ደውላ ያለችኝ «ተናግሬ ነበር» ብቻ ነው።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። የዛሬ ልጆች ጫማቸው በምድጃ ሞቆ በእግራቸው ቅርጽ ይበጃል፤ ስቀናባቸው እውላለሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝም አሁን ገብቶኛል። እናቴ ሰስታ አልነበረም። ከርሞ ሥራው ይኑር አይኑር፣ ቤት ኪራዩ ይቻል አይቻል ስለማታውቅ፣ ነገ ለምሆናት ትልቅ ልጅ አስቀድማ ትገዛ ነበር። ያን ፍርሃት ለብሼው ነው ያደግሁት፤ አንድም ቀን ግን አልነገረችኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአስፐን ሂል የመጣች አንዲት ሐበሻ እናት ትንሿን ልጇን አቅፋ «ሰፋ ያለ ጫማ ብወስድላትስ? እግሯ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድገው» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ልምምዱን ልታይ መጥታ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ቀደመችኝ።

«በልኳ ግዢላት፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «የምትሮጠው ዛሬ ነው።»