አለቃውን ያወረድንበት ሳምንት

አሰላ ውስጥ ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ነበረ ስል የሚያምነኝ የለም። ነበረ። አብዮቱ ከመፈንዳቱ ከአንድ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረው የእርሻ ጥናት ቢሮ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ግራጫ ማሽን አንድ ሙሉ ክፍል ተሰጥቶት ነበር። በቢሮው ለብቻቸው ክፍል የነበራቸው እሱና ኃላፊያችን ናቸው። ከሁለቱ ሥራ የሚሠራው እሱ ነበር።

የምንሠራበት ሁለት ነበርን። እኔ ሒሳብ እችላለሁ ብዬ የምኮራ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት፤ ሌላው በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡኝ፣ ከነጋዴ ጸሐፊነት የመጡ የአርቦዬ ሰው። ሲቆጥሩ በኦሮምኛ ነው፤ ከኔ ጋር ሲከራከሩ በአማርኛ። ያስተማረን ፈረንጅ ለእረፍት አገሩ ሄዶ ነበር።

የማሽኑ ሜሞሪ አራት ሺህ ያህል ቁጥር ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱ ቦታ ከዜሮ የሚጀምር አድራሻ አለው። በመጨረሻዎቹ አድራሻዎች ላይ ፈረንጁ ያስቀመጠው ፕሮግራም ነበር፤ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስገባውና የሚያስነሳው እሱ ነው። የአርቦዬው ሰውዬ “አለቃው” ይሉታል፤ ቦታ ይይዛል እንጂ ገብስ አይቆጥርም። የኛ ፕሮግራም ከታች ይጀምራል፤ የምናጠናቸው ገበሬዎች ሰንጠረዥ ደግሞ ከሱ በላይ እየጨመረ ወደ አለቃው ይሄዳል። በመካከላቸው የሚከለክል ነገር የለም።

የኦጎልቾ አካባቢ ገበሬዎች ጥናት በደህና አለቀ። የጮሌን አካባቢ ስንጨምርበት ሰንጠረዡ ሞልቶ አለቃው ላይ ወጣ። ይህ የሆነው አንድ ትልቅ ሹም ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን በመጡበት ቀን ነው። ማሽኑ ውጤቱን በወረቀት ላይ የሚያትምበት መጻፊያ አንዲት ፊደል ብቻ ያለማቋረጥ ይደበድብ ጀመር። ሹሙ ምን እያለ እንደሆነ ጠየቁ። ሰውዬው ኮታቸውን አስተካክለው፣ “ጮሌን እየቆጠረ ነው፣ ጌታዬ” አሉ። ሹሙ በጣም ተደስተው ወረቀቱን ለመታሰቢያ ቀደው ወሰዱ።

በማግስቱ አለቃውን ወደ ዜሮ እናውርደውና ሰንጠረዡ እስከ ላይ ድረስ ይፈንጭ አልኩ። ሰውዬው አልተስማሙም። ቁጥር ከመጻፉ በፊት ቦታ መኖሩን የሚያይ ፍተሻ እናስገባ ነበር የሚሉት። ፍተሻው ራሱ ቦታ ይበላል፣ በየቁጥሩም እየቆመ ሥራውን ያንቀራፍፈዋል ብዬ ተከራከርኩ። ሒሳብ አዋቂዋ እኔ ስለሆንኩ አሸነፍኩ። አለቃውን የሚጠራውን ትእዛዝ ሁሉ እየፈለግን አድራሻውን ስንቀይር አራት ቀን ፈጀብን።

ከዚያ ጮሌን አስገባን። ሰንጠረዡ መጨረሻው አድራሻ ላይ ደረሰ። እኔ እዚያ ሲደርስ ይቆማል ብዬ ነበር። ማሽኑ ግን ከመጨረሻው አድራሻ ቀጥሎ የሚያውቀው ዜሮን ነው፤ ተመልሶ አለቃውን ከራስ ጸጉሩ ጀምሮ ደመሰሰው። መጻፊያው እንኳ ዝም አለ። ሰውዬው ወንበራቸውን ስበው ፍተሻውን መጻፍ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ጨረሱ። ቦታ ሲያልቅ ማሽኑ ይቆማል፣ የደረስንበትን እናትማለን፣ ቀሪውን በሁለተኛ ዙር እናስገባለን። እንዳልኩት ተንቀራፈፈ፤ ግን ጮሌ አለቀ።

ፈረንጁ ሲመለስ አለቃው ከቦታው መነሳቱን አይቶ ፊቱ ቀላ። ፕሮግራሙን ቁጭ ብሎ አነበበና ስለ ወረደው አለቃ ረስቶ ይህን ፍተሻ የጻፈው ማን ነው አለ። “እኔ ነኝ” አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬው እዚያው ነበሩ፤ እርሳሳቸውን መቅረጽ ቀጠሉ። ፈረንጁ እጄን ጨበጠኝ፤ ኃላፊያችንም ሰምቶ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ።

ሁለት ቀን ከሳቸው ሸሸሁ። በሦስተኛው ቀን ከቢሮው በር ላይ ጠብቄያቸው፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው።

“ነገ ሲበላሽ የሚጠሩት አንቺን ነው” አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ።