ዓይናችን የተርገበገበ ሰሞን

የልጅ ልጄ ከቢሮ ስትመለስ ሶፋው ላይ ተዘርራ «ስትረስ ገደለኝ» ትላለች። እኔ ሠራተኛ በነበርኩበት ዘመን እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። ማለቴ፣ ነገሩስ ነበር፤ ስሙን የነገረን ሰው ነው ያልነበረው። ስለዚህ በራሳችን መንገድ ተረዳነው፤ አረዳዳችን ደግሞ ጉድ አፈላ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች፣ ዛሬ ስሟም በማይታወስ ትንሽ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን እጠብቅ ነበር። ካቦአችን የጎጃም ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ድመት ኮቴው የማይሰማ። ከኋላህ መጥቶ ይቆማል። አይናገርም፤ ትንፋሹ ብቻ ማጅራትህ ላይ ይሰማሃል። ክር ሲበጠስ ግን ጉሮሮው ይከፈታል። «አንተ! የሀገሪቱን ኢኮኖሚ በጠስከው እኮ!» ሥራ አስኪያጁ በየሰኞው ሰብስቦ የሀገር ኢኮኖሚ በትከሻችን ላይ እንዳለ ይነግረናል፤ ካቦው ቃሉን የለቀመው ከእሱ ነው። ኢኮኖሚ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ብቻ በጣም ቶሎ የሚበጠስ ነገር መሆኑ ገብቶናል።

አንድ ሰሞን ቀኝ ዓይኔ ይርገበገብ ጀመር። የላይኛው ሽፋን ሲርገበገብ ከቆየ ያላዩት ሰው እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ደስ አለኝ። ቤቴን አጸዳሁ፤ አልጋዬን ለእንግዳው ለቅቄ መሬት ተኛሁ። ማንም አልመጣም። ዓይኔም አልተወኝም።

ከጎኔ ያሉትን ማሽኖች የምትጠብቀው እዚያው ሰበታ ተወልዳ ያደገች የገበሬ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም «አዴ» እንላታለን። ነገሩን ሳጫውታት «ያ ዋቃዮ! የኔም እኮ ነው!» አለች። ወንድሟ ከጫንጮ ይመጣል ብላ ጠላ ጠምቃ ነበር። ጠላው ኮመጠጠ እንጂ ወንድሟ አልመጣም። የእሷ ግን ዓይን ብቻ አልነበረም፤ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። ክር ስትቀጥል ይስታታል። ካቦው ይህን አይቶ፣ ደግማ ጨርቅ ካበላሸች እንደምትባረር ነግሯታል። ባሏ ታሞ ከተኛ ወዲህ ልጆቿ የሚበሉት ከእሷ እጅ ብቻ ነው። ከተነገራት በኋላ ደግሞ እጇ የባሰውን ተንቀጠቀጠ።

ምሳ ላይ ስንጠያየቅ ዓይኑ የማይርገበገብ ሰው ጠፋ። መካኒኩም፣ ዘበኛውም ሳይቀሩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። እንግዳ ለአንዱ ቢመጣ እሺ፤ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ የሚመጣ ማን ሊሆን ይችላል? መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከቤተ መንግሥት ነው» አለ። በቃ፣ ተፈታ።

ወሬው ሲደርሰው ካቦው «ሞኞች!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሲስቅ ግን የራሱ ዓይን ዘለለ። እየሮጠ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። ሥራ አስኪያጁ በዓይን መርገብገብ የሚያምን ሰው አልነበረም። ዳሩ ግን ወደ ሚኒስቴር ደውሎ «እንግዳ ይመጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያልተነገረው ሰው መሆኑ ሊታወቅበት ነው። ከመጠየቅ ግድግዳ መቀባት ይሻላል አለና ኖራ ታዘዘ።

ሳምንቱን ሙሉ ማሽን እያቆምን ወለል አጠብን፣ ግድግዳ ቀባን። የባከነውን ለማካካስ ደግሞ ማሽኑን አፍጥነው ለቀቁብን። እንቅልፍ አጣን፤ ዓይናችን ባሰበት። ዓይናችን በባሰ ቁጥር «ቀርቧል ማለት ነው» እያልን ደግመን ቀባን። የዚያን ሰሞን የሀገሪቱ ኢኮኖሚ በእኛ በኩል ያገኘው ነገር ቢኖር ነጭ ግድግዳ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ እንደሚሆን ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ ብቻ ተወሰነ። ዓርብ ካቦው አዴን ጠራት። «ነገ እንግዳው እጅሽን እንዳያይ መጋዘን ጀርባ ቁሚ። ሰኞ ሒሳብሽን ትወስጃለሽ።» እኔ በንዴት ጨርቅ መቅደድ አማረኝ።

ቅዳሜ በሩ ላይ ተሰለፍን። ካቦው ከሁላችን ፊት ትልቅ እቅፍ አበባ ይዞ ቆሟል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አህዮቹን የሚነዳ አንድ ገበሬ ቆም ብሎ አየን፤ ለእሱ የተሰለፍን መስሎት ባርኔጣውን አነሳልን። ከእሱ በቀር ያለፈ የለም። እኩለ ቀን ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ካቦው ዞረ።

«ማነው ይመጣል ያለህ?»

ካቦው ዞሮ ባዶውን መንገድ አየ። እቅፉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አበባው እግሩ ላይ ይረግፋል። በሁለት እጁ ጨብጦ ሊያስቆመው ቢሞክር ባሰበት። ለካስ ሰውየውም እንደ እኛው ጣራ ጣራ ሲያይ ነው የሚያድረው! አሳዘነኝ፤ በእሱ አዝናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ የካቦውን እጅ አተኩሮ ያያል። ሰኞ የሚሰናበቱት ሁለት ሊሆኑ ነው።

አዴ ከመጋዘኑ ጀርባ ወጣች። ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ እቅፉን ከካቦው ጋር አብራ ያዘች። አሁን አራት እጅ ተንቀጠቀጠ፤ አበባው እስክስታ ወረደ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ብርድ ነው ጌታዬ» አለች አዴ። «የሰበታ ብርድ።»

ላባችን በጀርባችን ይወርዳል። ዘበኛው ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገና «ኧረ ዘንድሮስ ከፍቷል!» አለ። መካኒኩ መዳፉን እያሸ እፍ እፍ አለበት። እኔም ጥርሴን አንገጫገጭኩ። ሰልፉ በሙሉ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ፀሐዩን፣ አንዴ እኛን አየና «ግቡ!» ብሎን ሄደ።

ሰኞ አዴ ሒሳቧን ልትወስድ መጥታ፣ የጠራት ሲጠፋ ማሽኖቿ ጋር ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ክር ተበጠሰባት። ካቦው ከኋላዋ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሰበታ ሲኖር አንድ የኦሮምኛ ቃል፣ «እንዴት አደርሽ» እንኳ፣ ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ?» አላት፤ ቀስ ብሎ። «ብርዱስ ተሻለሽ?»

«አንተንስ?» አለችው።

የተበጠሰውን ክር አንዱን ጫፍ ያዘላት። የሁለቱም እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ክሩ እስኪቀጠል ድረስ እዚያው ቆመ።