ገመቹ ጋውኑን የሰቀለ ጊዜ

አርሲ ነገሌ በመምህርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ንብረት ክፍሉ ነጭ ጋውን፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና ዳስተር አስፈርሞ ሰጠኝ። ጋውኑ ለእኔና ለእህቴ አንድ ላይ የተሰፋ ይመስል ነበር። እጅጌውን ጠቅልዬ ክፍል ገባሁ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ስለ ጥንት ግሪኮች ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞች ነበር። የጀግናውን ባሕርያት ሰሌዳው ላይ በተርታ ጻፍኩ፦ የክንድ ብርታት፣ በሸንጎ የሚሰማ አንደበት፣ እንግዳ ተቀባይነት፣ ከሞት በኋላ የሚቀር ስም። በእነዚያ ግጥሞች ለጀግና ክብሩ ከሕይወቱ ይበልጥበታል፤ በሰው ፊት ከተዋረደ ወገኑ እያለቀ እንኳ ከጦርነቱ ሊቀር ይችላል። ከሁሉም በታች “ለለመነው የሚራራ” ብዬ ጨመርኩ። ቦታ ስላልተረፈኝ ይህችን በደቃቁ ነው የጻፍኳት።

“ቲቸር፣ ታዲያ ይሄ ጀግና ነው ወይስ አኩራፊ?” አለችኝ አንዲት ተማሪ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ትምህርቱን በየዓመቱ እያስተማርኩ ብዙ ዘመን ያለ መልስ ቆየሁ። መልሱን ያገኘሁት ከባልደረባዬ ከገመቹ ነው።

ገመቹ የፊዚክስ መምህር ነበር። ላቦራቶሪያችንን ከወዳደቀ ሽቦ፣ ካረጀ የመኪና ባትሪና ከተሰበረ ሬዲዮ ያቋቋመው እሱ ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥለው “ሚስትህ እንዳትቀና” እያልን እናሾፍበት ነበር። አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ተሾመ፣ “ላቦራቶሪው የግል ቤትህ አይደለም፤ ቁልፉን አምጣ” አሉትና ተቀብለው አዲስ ለመጣ የኬሚስትሪ መምህር ሰጡት። ምክንያት አልነገሩትም፤ አላመሰገኑትም። ገመቹ ተነሳ፣ ጋውኑን አወለቀና ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጁ ነበር፤ የፊዚክስ መጽሐፋቸው ገና አላለቀም። የሚተካው ሰው ጠፋ። ልጆቹ በክፍለ ጊዜው መምህር በሌለበት ክፍል ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

አቶ ተሾመ የምስጋና ሰርተፍኬት ላኩለት። መለሰው። እኔም ቤቱ ሄድኩ። በክብር ተቀብሎ ምሳ አቀረበልኝ።

“እትዬ አስቴር፣ ቢሯቸው ጠርተው ቢቆጡኝ ችዬ አድር ነበር” አለኝ። “እሳቸው ግን በሰው ፊት ሌባ አስመሰሉኝ። ስሜን ነው የነኩት።”

“ልጆቹስ?”

“ልጆቹን አያንሱብኝ” አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ነው፣ ተበድሏል። ተሰናብቼው ተመለስኩ።

ፈተናው ሲቃረብ የተማሪዎቹ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መጡ። ሲንቄ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። እናቶች እሱን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሃል ከቆሙ አልፏቸው የሚሄድ ወንድ የለም። መጀመሪያ አቶ ተሾመን ከቢሯቸው አስነሱ። ከዚያ ሁላችንንም አስከትለው ገመቹ በር ላይ ቆሙ። ከፊት የነበሩት ገበያ ውስጥ ስንዴ የሚሸጡት አዴ ከዲጃ ናቸው፤ ልጃቸው ከተፈታኞቹ አንዷ ነች።

“ያ ገመቹ፣ አካም ጅርታ?”

“ደህና ነኝ፣ አዴ።”

“ተበድለሃል፤ ሰምተናል። እሱንም ያመጣነው ለዚሁ ነው።”

አቶ ተሾመ ላባቸውን ጠረጉ። “በሰው ፊት አዋረድኩህ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ” አሉና ቁልፉን ዘረጉለት። ገመቹ አልተቀበለም። መሬት መሬት ያያል።

“ስሜ ተነካ ትላለህ አሉ” አሉት አዴ ከዲጃ። “ስምህ ቁልፉ ላይ ነው እንዴ? ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ‘ቲቸር ገመቹ እንዲህ አለ፣ ቲቸር ገመቹ እንዲያ አለ’ ትለኝ ነበር፤ እኔ ስምህን የማውቀው በሷ አፍ ነው። አሁን ካነሳችህ ቆየች።”

ገመቹ ቀና ብሎ አያቸው። “ቁልፉ አዲሱ መምህር ጋ ይሁን፤ ስፈልግ እጠይቀዋለሁ” አለና ጫማውን ሊያደርግ ገባ። እናቶቹ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ።

ጋውኑ ሚስማሩ ላይ እንዳለ አቧራ ጠጥቶ ነበር። አራግፎ ለበሰውና ክፍል ገባ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አዳማ ነው የምኖረው። ጤና ጣቢያ ደም ግፊቴን የምትለካልኝ ነርስ ያቺው የአዴ ከዲጃ ልጅ ናት። መሣሪያውን ክንዴ ላይ ባጠበቀች ቁጥር ግፊት ማለት ምን እንደሆነ “ቲቸር ገመቹ እንዳለው” እያለች ታስረዳኛለች።

ገመቹ ክፍል ከተመለሰ ወዲያ ያንን የጀግኖች ትምህርት ሳስተምር “ለለመነው የሚራራ” የሚለውን ከሁሉም በላይ በትልቁ እጽፈው ነበር። ለወጣት መምህራንም የምለው ይህንኑ ነው፦ ስትበደሉ አቤት በሉ፣ ብታኮርፉም አይፈረድባችሁም። ክፍል ግን ግቡ።