ከክዳኑ ላይ የጠፋው ከተማ

ቢራ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ግን የጀርመን የቢራ ኩባያ እሰበስብ ነበር። የደሴ እስላም በዚህ ሲያብድ ማየት ለሰው መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ ሲስቁብኝ እናደዳለሁ። አብዮቱ ሲመጣ አገር ለቀው የወጡ ፈረንጆች የተዉት ዕቃ ፒያሳ ባሉ የአሮጌ ዕቃ ሱቆች ተከምሮ ነበርና፣ ከኮምቦልቻ ከፋብሪካው መጋዘን ሥራዬ ስመለስ እየገባሁ አገላብጣለሁ። ባለ ክዳን የሸክላ ኩባያዎች ናቸው። ከሥር ገልብጦ የሠሪውን ምልክት መፈለግ፣ ክዳኑ ከጊዜ በኋላ የተቀየረ መሆን አለመሆኑን ከማጠፊያው መለየት፣ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ፋብሪካችን ማሽን ሊተክል የመጣ ምሥራቅ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። እናቴ የመጠጥ ዕቃ ቤቷ መግባቱን ጠልታ ኩባያዎቹን ጓሮ ካለው የማገዶ ቤት አስገባችብኝ።

ሚስቴ ኩላሊቷን ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ የሚያስፈልጋት መድኃኒት አገር ውስጥ እንደሌለ ሳይደብቅ ነገረኝ። ያልረገጥኩት ደጅ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ አብዮቱ ጠላቶች አስተምሮ ሸኘኝ። ሲጨንቀኝ ለመሐንዲሱ አወራሁት። እሱ ለእረፍት አገሩ ሊሄድ ነበር። የትውልድ ከተማው ፋርማሲስት ከዚያች ከተማ የወጡ ጥንታዊ ኩባያዎችን ይሰበስባል፤ መድኃኒቱን በጎን የሚያወጣልኝ እንዲህ ያለ ኩባያ ካየ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ዘንድ ደግሞ አንድ ነበረ። ጥፍር እንኳ በሚጭረው ለስላሳ የብረት ክዳኑ ላይ የከተማዋና የባለቤቱ ስም በቀጭኑ ተቀርጿል። የከተማዋን ስም ስነግረው የእሱው ከተማ ሆና ደነገጠ፤ ነገ ከመሄዴ በፊት አምጣልኝ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ያ የጠላችው ዕቃ ምራቷን ሊያድን እንደሆነ ነገርኳት። አለቀሰች። ጠዋት ኩባያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ እኔም አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሳልፈታው ወጣሁ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ እንዳይጋጭ ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር። ብዙ ቀን ያጣሁት ተስፋ ያን ጠዋት ተመልሶልኝ ነበር።

መሐንዲሱ ፊት ጨርቁን ስፈታ ክዳኑ መስታወት ሆኖ አበራ። እናቴ በአሸዋና በአመድ ፈትጋዋለች። እኛ ዘንድ የቆሸሸ ዕቃ ለሰው አይሰጥም፤ መጠጥ የነካው ሲሆንማ ጭራሽ። እኛ ሰብሳቢዎች የዘመን ጥቁረት የምንለው ለእሷ እድፍ ነው። መሐንዲሱ ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለ፣ ተነፈሰበት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ፊደል የሚባል አልቀረም።

«ከተማው የለም» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

ለማንኛውም ፋርማሲስቱን እጠይቃለሁ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ኩባያውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ቦሩ ሜዳ እስክደርስ ለእናቴ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ገድለሻታል ልላት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁትም የወለደችኝን ነው። ስገባ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚስቴን እግር ታሻለች።

«ወሰደልህ ወይ ልጄ?» አለች። «ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ቁጭ ብዬ ነው የፈተግሁት። ወላሂ፣ ለሰው የሚያሳፍር አይደለም።»

አፌን ከፈትኩ። ሚስቴ ፊቴን አየችና ሁሉም ገባት። እሷም ክዳኑን ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ አንብቤላታለሁ። እንዳትነግራት ስትለኝ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀችብኝ። ከዚያ የእናቴን እጅ ሳብ አድርጋ አሸዋ የላጠውን መዳፏን ሳመችው።

«አላህ ይቀበልዎት፣ እማዬ» አለቻት። «ደክመውልኛል።»

መሐንዲሱ ከእረፍቱ ሳይመለስ ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጀርመን ሩቅ አገር መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ኖረች። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ዘግይቶ እንጂ ልጄ ትድን ነበር ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አዎ እላለሁ።