ከተራራው ጫፍ የተደወለ ስልክ

ዛሬ ጠዋት ተራራው ጫፍ ላይ ጓደኛዬ ዘይነብ የሱዳን ሲም ካርዷን ስልኳ ውስጥ ከተተች።

እኛ የሱዳን ድንበር አጠገብ የምንኖር የሸሕዲ ሴቶች ተራራ ወጥተን ድንኳን ውስጥ ስናድር የመጀመሪያችን ነው። ጉልበቴንማ አትጠይቁኝ! ብርድ ልብስ እንኳ አልያዝንም፤ የቆላ ሰው ብርድን የት ያውቀዋል? አንሶላ ለብሰን ስንንዘፈዘፍ አደርን።

ዘይነብ የወጣችው ግን ሱዳን ያለችው እህቷ ከጦርነቱ ወዲህ ድምጿ ስለጠፋ ነው። ከፍታው ላይ የሱዳን ኔትወርክ ይገኛል ብለዋታል።

እውነትም ያዘላትና እህቷ ስልክ ላይ ደወለች። አንድ ወንድ አነሳ። በዐረብኛ አውርታው ዘጋችና፣ "ስልኩን ከነሲሙ ገበያ ላይ ገዛሁት አለኝ" አለችኝ።

"ሸጣው ይሆናል እኮ፣ እህትዓለም" አልኳት።

"የእናታችን ፎቶ ያለበትን? አትሸጠውም!"

ድንኳኑን ነቅለን ወረድን።

እናንተስ፣ ሰው የጠፋባችሁ፣ ምን ብለው አጽናኗችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ነገ ቤቷ ሄጄ የምላትን አላውቅም።