አርባኛዋ

ኤስኲሊኖ ገበያ አንዲት ሻጭ የወይራ ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ስቅለት ነበር፤ እዚሁ ሮም። ስግደቱ ሲያበቃ ቄሱ ምእመናኑን እያናዘዙ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባቸውን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፤ ጥብጣብ ይባላል። እኔ ደግሞ እናቴ የምትሠራበት ቤት የሲኞራዋን የአበባ ማስቀመጫ ሰብሬ ዝም ብያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ተናዘዝኩና፣ "አባ፣ እንደ ጳውሎስ አንድ ሲጎድል አርባ ይግረፉኝ" አልኳቸው።

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉኝ።

"አንዷ ግን ለምን ጎደለች?"

"ቆጣሪው ቢሳሳት ከአርባ እንዳያልፍ ነዋ፣ ልጄ።"

ትራም ላይ ይህን ለእናቴ ስነግራት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ "የጎደለችዋን እኔ ቀምሻታለሁ" አለችኝ። እሷም ጥብጣብ ተቀብላ ስለነበር የገባኝ መሰለኝ።

ሲኞራዋ "ማነው የሰበረው?" ስትላት "እኔ ነኝ" ማለቷን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቅርንጫፉን ገዝቼ እናቴ ቤት ሄድኩ። እጇ ላይ አስቀመጥኩላትና ጀርባዬን ሰጠኋት።

"አርባኛዋን መልሽልኝ" አልኳት፤ "የእኔ ናት።"