የአንድ እናትና አባት ልጆች

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠው ባለ ግራጫ ኮት ሰው አንድ አመል ነበረው። ሰላም ካለ በኋላ ስለ ዝናብም ስለ ጤፍም አያወራም። "የአንድ እናትና አባት ልጆች ስንት ናችሁ?" ይላል። ረዳቱን ጠየቀ። ዶሮ የያዘችውን ሴት ጠየቀ፤ "ስድስት ነን" ስትለው ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት በራ። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ሽማግሌ መሰለን።

"ለልጅህ ሚስት ፈልገህ ከሆነ ዘሩን ጠይቅ እንጂ" አሉት አጠገቡ ያሉት እማማ በቀለች፣ "ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?"

"ሐኪም ነኝ፣ እማማ። ደማቸው የታመመ ሰዎችን በጤነኛ ሰው መቅኔ አክማለሁ። ብዙ ጊዜ የሚስማማው የወንድም ወይም የእህት ነው።"

"እናንተስ ስንት ናችሁ?"

"እኔ ብቻዬን ነኝ" አለና ሳቅ ብሎ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

እማማ በቀለች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ከወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ መቆየታቸውን እኔ ጎረቤታቸው አውቃለሁ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ስልካቸውን አወጡ።

"ዓባይነህ፣ እኔ ነኝ። ኧረ ምንም አልፈለግሁም። ብቻ በደንብ እየበላህ ነው?"